የዕውቀት ምጽዋት፤ ቸርነት ነውን ወይስ ዕዳ መክፈል?

ምጽዋት ሲባል በሰው ሁሉ ልብ ቀድሞ የሚታሰበው እንጀራ ነው፤ ከእንጀራ ቀጥሎ ልብስ፥ ከልብስም ቀጥሎ ማደሪያ ነው። በዚህ ነገር አባቶቻችን ብዙ ጽፈዋል፥ ብዙም አስተምረዋል፤ ስለዚህ ለተራበ ማብላት፥ ለታረዘም ማልበስ መልካም መሆኑን ዛሬ እንደ አዲስ ነገር ማስረዳት አያስፈልግም። ነገር ግን በዘመናችን ሌላ ዐይነት ምጽዋት ተነሥቷል። ይኸውም የኮምፒዩተር ትምህርት በዋጋ የሚያስተምሩ ቤቶች ከድኻ ወገን ጥቂት ልጆች መርጠው ያለ ክፍያ ማሠልጠናቸው፥ ወይም ለትምህርት ቤት ኮምፒዩተር መለገሳቸው፥ ወይም በክረምት ወራት አሠልጣኞቻቸውን ወደ ገጠር ልከው ማስተማራቸው ነው። እነርሱም ይህን ሥራ «ለኅብረተሰቡ መልሶ መስጠት» ብለው ይጠሩታል።

ይህ አጠራር ሳይመረምሩት ሲያልፉት ቀላል ይመስላል፤ ሲመረምሩት ግን ከባድ ጥያቄ ይዟል። ስለምን ቢሉ፥ መልሶ መስጠት ቀድሞ የወሰደ ሰው ሥራ ነውና። ምንም ያልወሰደ ሰው ቢሰጥ «ሰጠ» ይባላል እንጂ «መለሰ» አይባልም። እንግዲህ ዕውቀቱን ለድኻ በነፃ የሚያካፍል ሰው ቸር ነውን ወይስ ባለዕዳ? ቸር ከሆነ ምስጋና ይገባዋል፤ ባለዕዳ ከሆነ ግን የሚገባው ደረሰኝ ነው። ይህም ለክርክር ያህል ብቻ የተነሣ ጥያቄ አይደለም፤ ሰጪው በምን አኳኋን እንደሚሰጥ፥ ተቀባዩም በምን ዐይነት ፊት እንደሚቀበል የሚወስነው የዚህ ጥያቄ መልስ ነው።

ነገሩን ከሩቅ አገር ሳይሆን ከቅርብ እንጀምረው። ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታና በቱሉ አውሊያ በኩል ወደ ምዕራብ የሚጓዝ መንገደኛ፥ ብርዳሙን የለጋምቦን ደጋ አልፎ ቦረና ይደርሳል፤ የቦረናም ዋና ከተማ መካነ ሰላም ናት። ከዚያ ወዲያ አገሩ ወደ ዐባይ በረሓ ይወርዳል፤ ከወንዙ ማዶ ጎጃም ነው። የዚህ አገር ሰው አብዛኛው ገበሬ ነው፤ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ገበያ ይገበያያል፥ በኀዘንም በደስታም ይጠራራል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህም የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ግቢው በቱሉ አውሊያ፥ ሌላው ግቢው በመካነ ሰላም ሆኖ ተማሪ ተቀብሎ ያስተምራል። እንግዲህ ኮምፒዩተር የሚባለው ነገር ለዚህ አገር ወሬው ብቻ የሚሰማ የሩቅ እንግዳ አይደለም፤ ከገበሬው ደጃፍ አጠገብ ደርሷል ማለት ነው። ከደጃፍ መድረስና ከቤት መግባት ግን አንድ አይደለም።

«የገበሬ ልጅ ኮምፒዩተር ምን ያደርግለታል? እርሻውን ይረስ፥ ከብቱን ይጠብቅ» የሚል ሰው ምናልባት አይጠፋም። ለዚህ ሰው አንድ ነገር ብቻ ላስታውሰው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለከፊሉ ተማሪ በወረቀት መሆኑ ቀርቶ በኮምፒዩተር ተሰጥቷል። እስቲ ሁለት ልጆች በአንድ ቀን ለዚህ ፈተና ተቀምጠዋል እንበል። አንዱ በአባቱ ቤት ከሕፃንነቱ ጀምሮ ማውዝ ሲያንቀሳቅስ ያደገ ነው፤ ሁለተኛው ኪቦርድ በጣቱ የነካው ፈተናው ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። ሁለቱ ልጆች ሒሳቡንና ታሪኩን እኩል ቢያውቁት እንኳ እኩል አይፈተኑም፤ አንዱ ከጥያቄው ጋራ ብቻ ሲታገል ሁለተኛው ከጥያቄውም ከመሣሪያውም ጋራ ይታገላልና። ዐሥራ ሁለት ዓመት በእግሩ ተመላልሶ የተማረ ልጅ ባላወቀው ትምህርት ሳይሆን ባልነካው መሣሪያ ምክንያት ቢወድቅ፥ ጉዳቱ ከረኃብ የሚያንስ ነውን?

ደግሞም ዛሬ ብዙው የሥራ ማስታወቂያ በኢንተርኔት ይወጣል፤ ማመልከቻውም በዚያው ይሞላል። ይህን የማያውቅ ሰው ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዶ ገንዘብ ከፍሎ ያስሞላል። ቀድሞ ፊደል ያልቈጠረ ሰው በፍርድ ቤት ደጅ ለተቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ ጉዳዩን ነግሮ፥ ጸሐፊው የጻፈውን ሳያነብ በጣቱ ይፈርም እንደ ነበር፥ የዛሬውም ወጣት ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ሳለ ስሙንና የትውልድ ቀኑን ለማያውቀው ሰው አሳልፎ ይሰጣል። በሌላ ሰው እጅ መጻፍ በሌላ ሰው አፍ እንደ መናገር ነው። ስለዚህ በኮምፒዩተር መሥራትን የሚያስተምር ሰው ለድኻ ጌጥ አልሰጠውም፤ የራሱን እጅ መልሶ ሰጠው እንጂ።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ዕውቀት ከእንጀራ የሚለይበት አንድ ታላቅ ነገር አለ። እንጀራዬን ቈርሼ ብሰጥ ለእኔ የሚቀረኝ ግማሹ ነው፤ ዕውቀቴን ብሰጥ ግን ሁሉም ለእኔ ይቀራል፥ ሁሉም ለተቀባዩ ይደርሳል። ጧፍ ከጧፍ ሲለኮስ የፊተኛው ብርሃን አያንስም። እንዲህ ከሆነ «ለዐዋቂ መስጠት ምን ይከብደዋል? ምንስ ይጎድልበታል? ምንም የማይጎድልበት ሰውስ እንዴት ሰጠ ይባላል?» የሚል ሰው ትክክለኛ ነገር ጠየቀ። ሁለት ሳንቲም ብቻ የነበራት መበለት ከባለጸጎቹ ሁሉ ይልቅ የተመሰገነችው ከጉድለቷ በመስጠቷ መሆኑን የማያውቅ የለምና።

መልሱ ይህ ነው። ዕውቀቱ ባይጎድል ከዕውቀቱ ጋራ አብሮ የሚሰጠው ነገር ይጎድላል። ድኻው ተማሪ የተቀመጠበት ወንበር ለሚከፍል ተማሪ አይሆንም፤ ለእርሱ የወጣው ሰዓት አይመለስም፤ መብራቱ ይቈጥራል፤ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ የመምህሩ ትዕግሥት ይደክማል። ስለዚህ የዕውቀት ምጽዋት የሚመዘነው በዕውቀቱ ብዛት አይደለም፤ በወንበሩ፥ በሰዓቱና በትዕግሥቱ ነው። እነዚህን የነፈገ ሰው ዕውቀትን ሁሉ ቢዘረዝር ጧፉን ከሩቅ አሳየ እንጂ አልለኮሰም።

ይህንም በምሳሌ እናስረዳ። በአንዲት የደጋ ከተማ ሁለት የኮምፒዩተር ማሠልጠኛ ቤቶች አሉ እንበል። የፊተኛው ቤት ጌታ ሃያ ድኾች በነፃ አሠለጥናለሁ ብሎ ባነር አሰቀለ። ልጆቹን ግን መብራት አዘውትሮ በሚጠፋበት ሰዓት ቀጠራቸው፤ ፊደሉ ከተነቀለ ኪቦርድ፥ ሥራ ካቆመ ለመነሣት ሩብ ሰዓት ከሚፈጅ አሮጌ ኮምፒዩተር ፊት አስቀመጣቸው፤ አሠልጣኝም አድርጎ የሰጣቸው ባለፈው ወር የጨረሰ ልጅ ነው። ሦስት ወር ባለፈ ጊዜ ሃያውንም አስመረቀ፤ ሰርተፊኬት እያስያዘ ፎቶግራፍ አስነሣቸው፤ ፎቶግራፉም በማስታወቂያው ላይ ወጣ።

የሁለተኛው ቤት ጌታ ደግሞ አራት ልጆች ብቻ ተቀበለ። ከሚከፍሉት ጋራ ቀላቅሎ በአንድ ሰዓት፥ በአንድ መምህር ፊት አስቀመጣቸው፤ ማን እንደ ከፈለ ማንስ እንዳልከፈለ የሚያውቅ እርሱና መዝገቡ ብቻ ነው። ከአራቱ አንዱ በአጨዳ ጊዜ አባቱን ሊያግዝ ቢቀር፥ በተመለሰ ጊዜ ያመለጠውን ትምህርት ከሥራ በኋላ አሟላለት። ትምህርቱ ሲያልቅም «ሰርተፊኬቱን የምትወስዱት እያንዳንዳችሁ ከመንደራችሁ አንድ ሰው በኮምፒዩተር መጻፍ አስተምራችሁ ይዛችሁልኝ ስትመጡ ነው» አላቸው።

በቍጥር ከሄድን የፊተኛው ሃያ፥ ሁለተኛው አራት ሰጥቷል። በሚዛን ከሄድን ግን የፊተኛው የሰጠው ለሽያጭ የማይሆነውን ሰዓትና ለሽያጭ የማይሆነውን መሣሪያ ነው፤ ሁለተኛው የሰጠው ሊሸጠው ይችል የነበረውን ነው። ያንዱ ከትርፍ፥ ያንዱ ከዕቃው ነው።

«ይሁን እንጂ ለታይታ የተሰጠ እንጀራም ሆድ ይሞላል፤ ስለዚህ የፊተኛውን አትንቀፍ» የሚል ይኖራል። ስለ እንጀራ የተባለው እውነት ነው፤ የሰጪው ልብ ክፉ ቢሆን የተራበው መጥገቡ አይቀርምና። የትምህርት ነገር ግን እንዲህ አይደለም። ያልተማረ ሰው አለማወቁን ያውቃል፤ ክፉኛ የተማረ ሰው ግን አለማወቁን እንኳ አያውቅም። ሰርተፊኬቱን ይዞ ወደ ቀጣሪ ይሄዳል፤ ቀጣሪው «እስቲ ይህን ሠንጠረዥ ሥራልኝ» ሲለው እጁ ይያዛል፤ አፍሮ ይመለሳል። ያፈረውም በሠልጣኝ ቤቱ ሳይሆን በራሱ ነው፤ «ትምህርት ተሰጥቶኝ ሳለ የማይገባኝ ሰው ነኝ» ብሎ ተስፋውን ይቈርጣል። አገራችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ስትል የኖረችው ለካህናት ብቻ አልነበረም። ሰርተፊኬትም ጥምጥም ነው፤ ሳያስተምሩ ማስጠምጠም ድኻውን ሁለት ጊዜ መዝረፍ ነው፤ አንድ ጊዜ ጊዜውን፥ ሁለተኛ ጊዜ በራሱ ያለውን እምነት።

ስጦታው ዕቃ በሚሆንበትም ጊዜ ነገሩ ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በአየርላንድ የተመሠረተው ካማራ የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ኩባንያዎች የተዉአቸውን ኮምፒዩተሮች እየሰበሰበ፥ አጽድቶና የትምህርት ፕሮግራም ጭኖ ኢትዮጵያን ጨምሮ ወደ አፍሪቃ አገሮች ትምህርት ቤቶች ይልክ ነበር። የሥራው ቁም ነገር አሮጌ ዕቃ መላኩ አይደለም፤ አሮጌ ዕቃ ማንም ይልካል። ቁም ነገሩ ከዕቃው ጋራ መምህራኑን ማሠልጠኑ ነው። መምህር የሌለው ኮምፒዩተር በትምህርት ቤት ዕቃ ቤት ውስጥ አቧራ ለብሶ ይቀመጣል፤ ለጋሹ ከመጣያ ወጪ ድኗል፥ ተቀባዩ ግን የመጣያውን ወጪ ተሸክሟል።

በዚህ ላይ ተቃራኒ የሚመስል አንድ ነገር በአገራችን ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2012 ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ኮምፒዩተር ለማድረስ የተነሡ ሰዎች በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ፊደል ላልቈጠሩ ሕፃናት ታብሌት የተባለውን ጠፍጣፋ ኮምፒዩተር ከፀሐይ ኀይል መሙያ ጋራ ያለ መምህር ሰጡአቸው። ልጆቹ ካርቶኑን ራሳቸው ከፈቱ፤ በጥቂት ወራትም የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር ይዘምሩ ጀመር፤ ተዘግቶ የነበረውንም ካሜራ ከፍተው ተገኙ። ይህ ታሪክ ስለ ድኻ ልጅ አእምሮ ለሚጠራጠር ሰው በቂ መልስ ነው። «እንግዲያስ መምህር አያስፈልግም» ለማለት ግን አይበቃም፤ መሣሪያው የያዘውን መዝገብ ለመለወጥ በየሳምንቱ የሚመላለስ ሰው ነበርና፤ መዝሙር ከመዘመር ተነሥቶም እንጀራ የሚያወጣ ሙያ እስከ መያዝ ድረስ ያለው መንገድ ረጅም ነው። በዚያ መንገድ ላይ ልጁን የሚያደርሰው አብሮት የሚሄድ ሰው ነው።

በአዲስ አበባ ማየት ለተሳናቸው ሰዎች የተቋቋመው የኮምፒዩተር ማሠልጠኛ ማእከል ይህን የበለጠ ያስረዳል። ኮምፒዩተሩ የተጻፈውን በድምፅ እያነበበላቸው ሠልጣኞቹ ይጽፋሉ፥ ያነባሉም። ይህን ማእከል ያቋቋመው ራሱ ማየት የተሳነው ኢትዮጵያዊ ነው። ምጽዋት ሲለመንባቸው በኖሩት ዐይኖች ምክንያት ልመና የሚያስቀር ትምህርት ተገኘ። ሰጪው የተቀባዩን መንገድ በራሱ እግር ሄዶበታልና፥ ስጦታው ከላይ ወደ ታች የሚጣል ሳይሆን ከጎን የሚዘረጋ እጅ ሆነ።

የመንግሥትም ሥራ አለ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት የዐረብ ኤምሬቶች ጋራ በመተባበር 5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን በሦስት ዓመት ውስጥ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሥራ በኢንተርኔት በነፃ ለማስተማር ታቅዶ ተጀምሯል። አሳቡ ትልቅ ነው። ነገር ግን በኢንተርኔት የተዘረጋ ማዕድ ኢንተርኔት ከሌለበት አይደርስም። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ግጭት በተነሣ ጊዜ የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት መቆየቱን የክልሉ ሰው ሁሉ ያውቃል። እንዲህ ባለ ጊዜ ከሩቅ ካለው ትልቅ ማዕድ ይልቅ ትምህርቱን በፍላሽ ይዞ ከጎረቤት የሚገኘው ትንሽ ማሠልጠኛ ቤት ይጠቅማል። ከዚያም በፊት፥ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒዩተሮችና የትምህርት መሣሪያዎች ተዘርፈዋል፥ የቀረውም ወድሟል። ከዚህም የምንማረው አለ። መሣሪያ ይሰረቃል፥ ይሰበራል፥ ያረጃል፤ በሰው ጣትና በሰው አእምሮ የተቀመጠውን ግን ዘራፊ አይወስደውም። ስለዚህ አንድ ብር ያለው ለጋሽ በመሣሪያና በመምህር መካከል ቢያመነታ፥ ወደ መምህሩ ያዘንብል።

እስካሁን የተናገርነው ስለ አሰጣጡ ነው። አሁን ደግሞ ወደ ዋናው ጥያቄ እንግባ፤ የሚሰጠው ቸር ነውን ወይስ ባለዕዳ?

የአብነት ትምህርት ቤታችንን እናስብ። የኔታ ዋጋ ተምኖ አያስተምርም። ተማሪው አኩፋዳውን አንግቦ በየመንደሩ ይለምናል፤ ገበሬውም ከሞሰቡ ቈርሶ ይሰጠዋል። ቀድሞ የተማረው ለኋለኛው ያስቀጽላል። የወሎ ደረሶችም በሼኮቻቸው ዘንድ ሲማሩ ከአካባቢው ሕዝብ ማዕድ እየተካፈሉ ነው። እርግጥ ነው፥ በዚያ ሥርዐት ውሻ የነከሰው፥ ብርድ የጎዳው፥ አለንጋም የበዛበት ተማሪ ብዙ ነው፤ ያለፈውን ሁሉ ማሞገስ አይገባም። ነገር ግን አንድ ጥበብ ነበረው። ቍራሽ የሰጠው ገበሬ «መጸወትሁ» ብሎ አይታበይም፤ ያ ተማሪ ነገ ልጆቹን የሚያስተምር፥ ሙታኑን የሚቀብር እንደ ሆነ ያውቃልና። ተማሪውም ሊቅ ሆኖ ሲመለስ «በነፃ አስተማርኋችሁ» አይልም፤ ሥጋውና ዐጥንቱ ከመንደሩ ቍራሽ የተሠራ መሆኑን ያውቃልና። መስጠትና መቀበል እንደ ወፍጮ ይዞር ነበር፤ ማን መጀመሪያ እንደ ሰጠ የሚለይ አልነበረም።

ለዚሁ ለምዕራቡ የደቡብ ወሎ ደጋ የቅርብ ምስክር አለው። አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ፥ ገድሉ እንደሚተርከው፥ በሐይቅ እስጢፋኖስ ለትምህርት ገብቶ ለዓመታት ትምህርት አልገባው ብሎ ነበር፤ እህል በመፍጨትም ሲያገለግል ኖረ። በኋላ ግን መጽሐፈ ምሥጢርን የጻፈ፥ እስከ ዛሬ ሊቃውንት የሚመረምሩት ደራሲ ሆነ። ይህ የጸጋ ሥራ እንደ ሆነ አንባቢ ያውቃል፤ እኔ ከታሪኩ ለዛሬ የምወስደው አንዲት ነገር ብቻ ናት፤ ባልገባው ጊዜ ቦታው አልተነሣበትም። በዛሬው ማሠልጠኛ ቤት ግን ትምህርት ቶሎ ካልገባቸው መካከል ቀድሞ የሚሰናበተው ያልከፈለው ነው። የከፈለ ሰነፍ ይታገሡታል፤ ያልከፈለ ሰነፍ «ዕድሉን አበላሸ» ይባላል። ይህ ቃል የሚወጣውም «ቸርነት አደረግሁ» ከሚል ልብ ነው፤ «ዕዳዬን እከፍላለሁ» የሚል ሰው ግን የአበዳሪውን ዝግታ አይመረምርም።

ለመሆኑ አሠልጣኙ ዕዳው ከየት መጣ? መልሱ ሩቅ አይደለም። አብዛኛው የተማረው በመንግሥት ትምህርት ቤት ነው፤ የመንግሥት ትምህርት ቤት ማለትም ገበሬው ከከፈለው ግብር የቆመ ቤት ማለት ነው። እስከ 1996 ዓ.ም. ገደማ ድረስ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ያለ ክፍያ ነው የተማረው፤ ከዚያም ወዲህ ወጪ መጋራት የሚባል ሥርዐት ቢወጣ ተማሪው እንዲከፍል የተጠየቀው ከፊሉን ነው። ቀሪውን ማን ከፈለ? ልጁን ኮምፒዩተር ሊያስተምር ገንዘብ ያጣው ያው ገበሬ ነው።

ሌላም ዕዳ አለ። ዛሬ በማሠልጠኛ ቤት ሁሉ የአማርኛ ጽሕፈት ይማሩበታል፤ ገንዘብም ይገኝበታል። ነገር ግን የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ እስኪገባ ድረስ፥ በአንዱ ፕሮግራም የተጻፈ አማርኛ በሌላው ኮምፒዩተር ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር። ፊደላችንን በዚያ መዝገብ ለማስገባት የደከሙ ሰዎች ዛሬ አማርኛ ከሚጽፈው ሰው ሁሉ ሳንቲም አይቀበሉም። የኮምፒዩተር ሙያ ራሱ ስማቸውን እንኳ በማናውቃቸው በብዙ ሰዎች ነፃ ድካም ላይ የቆመ ነው። እንግዲህ በሙያው የሚተዳደር ሰው ከሁለት ወገን ተበድሯል፤ ከገበሬው ግብር፥ ከማያውቃቸውም ሰዎች ድካም። ስለዚህ «መልሶ መስጠት» ሲል፥ ምናልባት ሳያስበው፥ እውነቱን ተናግሯል።

ነገር ግን ለነጋዴውም ፍርድ መጓደል የለበትም። የቤት ኪራይ አለበት፤ ግብር ይከፍላል፤ መብራት ሲጠፋ ለጀነሬተር ነዳጅ ይገዛል፤ ልጆቹም እንጀራ ይፈልጋሉ። ሁሉን በነፃ ላስተምር ቢል በጥቂት ወራት ቤቱ ይዘጋል፤ ያን ጊዜ የሚከፍለውም የማይከፍለውም እኩል ያጣል። ሕግም ቢሆን በዚህ አያስገድደውም። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቍጥር 1152/2011 ለዩኒቨርሲቲዎች ከማስተማርና ከምርምር ጋራ የማኅበረሰብ አገልግሎትን ሥራቸው አድርጎ ሰጥቷል፤ የግል ማሠልጠኛ ቤትን ግን ለዚህ የሚጠይቀው ኅሊናው ነው። ዕዳው ፍርድ ቤት የማይጠይቀው ዕዳ ነው፤ የከፈለው በፈቃዱ ነው የሚከፍለው። ስለዚህም ዕዳ ሆኖ ሳለ ቸርነትም ይሆናል።

እንግዲህ ለተነሣንበት ጥያቄ የምሰጠው መልስ ይህ ነው። ስጦታው በመነሻው ዕዳ ነው፥ በአከፋፈሉ ቸርነት ነው። «ዕዳ ነው» ማለት ሰጪውን ከመታበይ ይጠብቀዋል፤ ባነር ከመስቀል፥ ድኻውን ፎቶግራፍ ከማስነሣት፥ ያልተሸጠውን ሰዓት ከመስጠት ይከለክለዋል፤ ዕዳ የሚከፈለው በደኅና ገንዘብ ነው እንጂ በተቀደደ ብር አይደለምና። «ቸርነት ነው» ማለት ደግሞ እኛን ተመልካቾችን ከክፉ ንግግር ይጠብቀናል፤ ሕግ ሳያስገድደው የሰጠውን ሰው «ግዴታህ ነው» ብለን ሥራውን እንዳናቃልል። ተቀባዩንም ያድነዋል፤ የተሰጠው ነገር የአባቱ ግብር ፍሬ መሆኑን ዐውቆ አንገቱን ሳይደፋ ይማራል፥ የመምህሩንም ድካም ዐውቆ በትጋት ይማራል።

የተማረውም ሰው በተራው ባለዕዳ ይሆናል። በመካነ ሰላም ወይም በአቀስታ በነፃ የተማረች አንዲት ልጅ፥ የወንድሟን ማመልከቻ ሞልታ፥ የጎረቤቷን ልጅ ለፈተናው ማውዝ አያያዝ አስተምራ ስትገኝ፥ የመጀመሪያው ስጦታ ያን ጊዜ ሥር ሰደደ ይባላል። ለማሠልጠኛ ቤት ጌታም በዓመቱ መጨረሻ ሊጠየቅ የሚገባው «ስንት ሰው በነፃ አስመረቅህ?» የሚል አይደለም፤ «በነፃ ከተማሩት መካከል ዛሬ ሌላውን የሚያስተምር ስንት ነው?» የሚል ነው። ሃያ የሚለው ቍጥር በባነር ላይ ይጻፋል፤ የዚህኛው ጥያቄ መልስ ግን በባነር አይጻፍም፤ በየመንደሩ ሄዶ የሚቈጠር ነው።